ከዑተይቢያ የመጣው ሳንቃ

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ኑሩ ዛሬም ቆሻሻ ይዞ መጣ። ጠዋት ደውሎ «ቁም ሳጥን አግኝቻለሁ» ሲለኝ እንጨት መስሎኝ መጋዝ ስስል አረፈድኩ። ጠርዙን በጥፍሬ ብነካው ተፈረፈረ። ሰጋቱራ በኮላ ለውሰው፣ ላዩ ላይ የእንጨት ሥዕል ለጥፈውበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁም ሳጥን ነዋ፣ አክስቴ።»

«ገንፎ ነው። የደረቀ ገንፎ።»

«ከውጭ ሲያዩት ያምራል እኮ።»

«መልሰህ ካነሳህበት ጣለው።»

እየሳቀ ጫነው። የእህቴ ልጅ ነው። ራሱ ሸብቷል። ከወደቡ ዕቃ በፒካፕ ሲያመላልስ ይውላል፤ እንጨትና ካርቶን ግን እስካሁን አይለይም። ስንት ጊዜ ነገርኩት? ሽታውን፣ ክብደቱን፣ ስታንኳኳው የሚመልስልህን ድምፅ... ከማን ጋር ነው የማወራው።

እዚህ አገር ረመዳን በመጣ ቁጥር የቤት ዕቃ ይቀየራል። ድሮ የሚጣለው ደህና ነገር ነበር። ከአንድ አሮጌ ቡፌ ሁለት ጊታር አውጥቻለሁ። ከሙሽራ አልጋ ራስጌ አንገት አውጥቻለሁ። የአሁኑ ዕቃ ገና ሲሠራ ነበር መጣል የነበረበት።

የዮሐና ጊታር በዚህ የተነሳ ቆሟል። ፊቱን ጨርሻለሁ። የምትሠራበት ቤት ማዳም ከሠራተኛ ክፍሉ አሮጌውን ቁም ሳጥን ስታስጥል፣ ልጅቷ የኋላውን ሳንቃ ነቅላ በአንሶላ ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር። ጥሩ ጥድ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ። ጀርባና ጎኑ ግን ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል። የለም። እሷ ደግሞ ኅዳር ሳያልቅ ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። ቃል ሰጥቻታለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቲክ።

ኑሩ ከመካ ጭኖት መጣ፤ ምን እንደጫነ ግን አያውቅም። «አሮጌ አልጋ ነው፤ ገንፎ ካሉኝ ይዤው እመለሳለሁ» አለኝ። ሦስት ሰፋፊ ሳንቃዎች። አንድም ብረት የለበትም፤ ሁሉም በእንጨት ችንካር ተያይዟል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ዛሬ የት አለ? ባንኳኳው ድምፁ ጠራ፣ ቆየ፣ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ያመጣው መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ካለው ሪባጥ ነው፤ ባልም ልጅም የሌላቸው የአገራችን አሮጊቶች በነፃ ከሚኖሩበት የዋቅፍ ቤት። ሊታደስ ነው ተብሎ ሴቶቹን እዚያው ሰፈር ኪራይ ቤት አስገቧቸው። ኃላፊው የቀረውን ዕቃ «ኩሉ በራ» አለ፤ ሁሉም ይውጣ። ኑሩም አወጣ።

አንድ ነገር አልገባኝም። በአንደኛው ጫፍ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ዙሪያውን ደግሞ ቦይ ተቆፍሮበታል።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«አሮጊት የተኛችበት አልጋ ነው፣ አክስቴ። ሌሊት ሲያመልጣት...»

«አፍህን ዝጋ። አንተም ታረጃለህ።»

ከፍታውም ወገቤ ድረስ ነው። የትኛዋ አሮጊት ናት እዚህ ላይ ወጥታ የምትተኛው?... ይሁን። እንጨቱ ቲክ ነው።

ሀሰናም የምትኖረው እዚያ ሪባጥ ነበር። የት እንዳስገቧት አልጠየቅኩም። ለምን ብዬ? ያቺ የከሚሴ ልጅ የሞተች ጊዜ፣ እኔም ውሃ ላፍስስ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ከማጠቢያው ክፍል በር ስደርስ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት «የሸይጧን ሳጥን ሲሠራ የሚውል እጅ እዚህ ውሃ አያፈስም» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ፊቴ ላይ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። ሰላምታም የለንም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዮሐና መጣች። ማዳሟ ከሰዓት በኋላ ፈቅዳላት።

«እማማ መሪማ፣ ጊታሬ ደረሰ?»

«ዳቦ መሰለሽ?»

«ዳቦ ቢሆንማ ማዳሜ በልታው ነበር።»

ሳቅኩ። አትስቂ ብዬ ራሴን ሳልገታ። ይህች ልጅ ሥራዬን ታዘገየኛለች።

ሦስቱንም ሳንቃዎች ዛሬ በጊታር ልክ ቆረጥኳቸው። ለእሷ አንዱ ይበቃ ነበር። ለወደፊትም ይሆነኛል ብዬ ነው፤ እንዲህ ያለ እንጨት ሁለተኛ አላገኝም። የመሃለኛው ሳንቃ ላይ ጥቁር ዓይን አለ፣ ድሮ ቅርንጫፍ የበቀለበት፣ እንደ መዳፍ የሰፋ።

«ይሄ አይቆረጥም?» አለች ዮሐና።

«አይቆረጥም። የጀርባው መሃል ላይ ይሆናል።»

«ሰው የሚያይ ይመስላል እኮ።»

«ይይሽ። ሲያይሽ በደንብ ትጫወቻለሽ።»

ሌላ ሠሪ ዓይን ያለበትን ይጥለዋል። እኔም እጥለው ነበር። ይሄ ግን ጥብቅ ነው፤ ከዙሪያው ጋር አንድ ድምፅ ይሰጣል። ላዩም ለስላሳ ነው፣ ብርጭቆ ወረቀት ሳይነካው። ምን እንዲህ አለሰለሰው?

መምህር ካሳ ትዝ አሉኝ። ደሴ፣ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት። ሴቶቹ ሁሉ ጥልፍ ክፍል ነበሩ፤ እኔ እንጨት ካልተማርኩ ብዬ አልቅሼ ገባሁ። ጣቴን በማስመሪያ ጠርዝ ይሉኝ ነበር። «አንድ ሚሊሜትር ስህተት ነው፣ ሁለት ሚሊሜትር ውሸት ነው።» ሊያስተምሩኝ ነበር ወይስ ሊያስወጡኝ? እስከዛሬ አላወቅኩም። አልወጣሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እርጥበት። ልብስ አይደርቅም፣ ኮላ አይደርቅም። ጎረቤቴ ስለ ጉልበቷ ስታወራልኝ ዋለች። ምንም አልሠራሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

የጊታሩን ጎን ለማጠፍ የብረት ቱቦውን አጋልኩ። በስሱ የሰነጠቅኩትን እንጨት አርጥቤ ቱቦው ላይ ስጫነው እንፋሎቱ ወጣ። ሽታው... መጀመሪያ ከጎረቤት የመጣ መሰለኝ። መስኮቱን ዘጋሁ። ደግሜ ጫንኩት። ካፉር። ከካፉሩ ሥር ደግሞ የቁርቁራ ቅጠል።

እናቴ ሞታ ሲያጥቧት ቤታችን የሸተተው ይሄ ነው።

እንጨቱን ጣልኩት። ቀዳዳው። ቦዩ። ወገብ ድረስ የሚደርሰው ከፍታ። ማንም ወጥቶ አይተኛበትም፤ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሥራ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ፣ የሥራ ጠረጴዛ ሲመጣልኝ አልጋ ነው አልኩ።

ኑሩ ጋ ደወልኩ።

«ያን አልጋ ከየትኛው ክፍል ነው ያወጣኸው?»

«ከግቢው ጥግ ካለችው ጠባብ ክፍል።»

«ሌላ ምን ነበረባት?»

«ምንም። ባልዲ። ማንቆርቆሪያ። የጨርቅ... አክስቴ።»

«አዎ።»

«ወላሂ አልጋ ነው የመሰለኝ።»

የጀናዛ ማጠቢያ ነው። የአገራችን ሴቶች ሲሞቱ የታጠቡበት። በመጋዝ ቆራርጬዋለሁ፤ ሦስቱንም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

የኑሩ ሚስት ሰሚራ ከመካ ደወለች። ቤታቸው ከአሮጊቶቹ ኪራይ ቤት ጎን ነው፤ ሁሉንም ታውቃለች።

ሀሰና ታማ ሆስፒታል ነበረች። ልቧ ነው። ቤቱ ሲጸዳ አልነበረችም። ዛሬ ሊያስወጧት ነው፤ ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጠም። ሰው ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር «ሳንቃዬን የት አደረጋችሁት?» ትላለች። ሌላ ነገር አትጠይቅም። አሁን ሁሉም በመንግሥት ማጠቢያ፣ በብረት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚታጠበው። እሷ ግን «እኔ ልጆቼን ባጠብኩበት ነው የምታጠበው» ብላለች። ልጆቼ የምትለው እዚያ አጥባ የሸኘቻቸውን ሟቾች ነው።

«እና ምን አላችኋት?» አልኩ።

«ኑሩ ደህና ቦታ ነው ያለው ብሏታል።»

ደህና ቦታ። ግማሹ እኔ ቤት ወለል ላይ ነው፣ ግማሹ ቱቦ ላይ ተጠምዝዟል።

ቆይቶ ኑሩ ራሱ ደወለ። ሼኽ ጠይቄ ነበር አለኝ፣ የማን መሆኑን ሳልናገር። ዋቅፍ ነው፤ ለአላህ ተብሎ የተሰጠ ነገር አይሸጥም አይለወጥም። የጠፋ እንደሆነ ግን ያጠፋው መሰሉን ይተካል። ቲክ ከሆነ በቲክ። ቁመቱም ጥራቱም ያው።

«ማን ነው ያጠፋው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

«ስልኩን ዝጋ።»

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ አንስቶ አመጣ። መጋዙ በእኔ እጅ ነበር። ኃላፊውም አለ፤ ምን እንደሚያስጥል ገብቶ ያላየው። ሀሰናም አለች። ያን ጊዜ በሩን ፊቴ ላይ ባትዘጋ ኖሮ ሳንቃውን አይቼው ነበር። አውቀው ነበር። ይህን ማን ይነግራታል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አሮጌውን ከተማ፣ ባላድን፣ ዞሬ እግሬ አበጠ። ሰው የሚያስተኛ የቲክ ሳንቃ የለም። አሮጌ ቤቶቹን የሚያድሱት ሰዎች አንዲት ቁራጭ አያሳልፉም። አሮጌ በር የሚሸጥ ሰው አገኘሁ፤ ምስጥ በልቶታል። ሌላው ደግሞ በፕላስቲክ የተለበጠ ነገር እየደበደበ «ያ ሐጃ፣ ይሄ ከቲክ ይበልጣል፤ ውሃ አይፈራም» አለኝ።

«አንተም ውሃ አትፈራም፤ እንጨት ግን አይደለህም» አልኩት።

ሳቀ። ሻይ ጋበዘኝ። አልጠጣሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

አለ። ቲክ አለ። ቁመቱም ስፋቱም የሚበቃ።

ሦስት ቀን እያየሁት እንዳላየ ሆንኩ። የሥራ ጠረጴዛዬ ነው።

ባሌ አዲል ከመርከብ ዕቃ ያገኘው ሳንቃ ነው፤ ውፍረቱ አራት ጣት። ኡድ፣ የአረቦቹን ክራር፣ ጠጋኝ ነበር አዲል። ሱቁ ፊት ለፊት እሱ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛው ከመጋረጃው ኋላ፤ እኔም ከመጋረጃው ኋላ። ሰዎች «የአዲል እጅ ወርቅ ነው» ሲሉ እሰማ ነበር። የአዲል እጅ እኔ ነበርኩ። አላህ ይዘንለት፤ አሁንም ያናድደኛል። የሞተ ሳምንት መጋረጃውን ቀድጄ የመወልወያ ጨርቅ አደረግኩት። ጠረጴዛው ብቻ ቀረኝ። የእኔ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ያለ እሱ ጊታር አይሠራም። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ልላግ? ሌላስ በምን ሳንቃ ልሠራ?... በዚህ ዕድሜዬ።

አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አሰብኩ፤ ሀሰና ታማለች፣ ማየትም አትችል ይሆናል፣ ማንኛውንም ሳንቃ ብሰጣት አታውቅም። የመምህር ካሳ ማስመሪያ ጣቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። በስተርጅና።

መጀመሪያ የልጅቷን ጊታር እጨርሳለሁ። የተቆረጠው ተቆርጧል፤ ብተወው ተመልሶ ሳንቃ አይሆንም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ጨረስኩ። ክር አስገባሁለት። እስከዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ይህም ያናድደኛል። ዝቅተኛው ክር ሲነካ ድምፁ ከጀርባው ተነስቶ ደረቴ ውስጥ ይገባል።

ለዮሐና አልደወልኩም። መጀመሪያ ሀሰና ማወቅ አለባት።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

መካ ሄድኩ። ኑሩ መንገዱን ሙሉ «እኔ ልንገራት፣ እርስዎ ይቆዩ» ሲለኝ ነበር። ልጁ ፈሪ ነው፤ ልቡ ግን ደህና ነው።

ሀሰና በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከስታለች። ፊቷ ሁሉ ዓይን ሆኗል። አብራት የምትኖረው ሪሃና እኔን ስታይ ከክፍሉ ወጣች።

«ማን ሞቶ ነው የመጣሽው?» አለችኝ ሀሰና። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው።

«ሳንቃሽን ቆርጬዋለሁ» አልኩ። አላዞርኩትም። «አልጋ መስሎኝ። ጊታር ሠርቼበታለሁ።»

ከትራሷ ቀና አለች።

«የትኛውን?»

«ሦስቱንም። ለጊታሩ የመሃለኛውን።»

«ጥቁር ዓይን ያለበትን?»

«እሱን።»

«ራሳቸው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር» አለች። «የእያንዳንዳቸው።»

ለዚህ ነው የለሰለሰው።

«በሩን ባትዘጊብኝ አውቀው ነበር» አልኩ። ባልናገረው ይሻል ነበር፤ ተናገርኩት።

«እና አሁን እኔ ነኝ የቆረጥኩት?»

«አላልኩም።»

«ብለሻል። ውጪልኝ።» በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። «አንቺ። ሳንቃዬን ሠርተሽ ነይ። ያን ነገርሽንም ይዘሽ ነይ። ልየው።»

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጠረጴዛውን ፈታሁት። ሞርሳውን፣ እንጨት የምጨብጥበትን፣ ስነቅል የበሰበሰ ጥርስ የነቀልኩ መሰለኝ። ኮላ፣ ቀለም፣ የመሮ ጠባሳ፣ አዲል አንዴ ሲጋራ ያሳረፈበት ቁስል... በመላጊያ ሁሉም ወረደ። ከሥሩ ያለው እንጨት ቀይ ነው፤ ገና አሁን የተቆረጠ ይመስላል።

ሰሚራ በስልኳ የሀሰናን ድምፅ እየቀዳች ትልክልኛለች። ከአልጋዋ ታዛለች።

«እግር በኩል ሁለት ጣት ዝቅ ይበል።» አውቃለሁ። «ቦዩ ስለታም ጠርዝ እንዳይኖረው፤ የሚያጥቡት ሴቶች እጅ ይቆረጣል።» አውቃለሁ። «ብረት እንዳታገቢበት።» ይህችን ሴት ማን ይገላግለኛል? እኔ ብረት ላስገባ?

እግሮቹ የድሮዎቹ ናቸው። እነሱን አልቆረጥኳቸውም ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሳንቃውን ፒካፑ ላይ ጫንነው። ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት።

«አክስቴ፣ መካ ጊታር ይዘን...»

«ብርድ ልብስ ነው የያዝነው። ንዳ።»

በአሮጊቶቹ ግቢ ውስጥ አቆምነው። ሪሃናና ሰሚራ ሀሰናን ደግፈው አወጧት። በመዳፏ ከራስ እስከ እግር ዳሰሰችው። ችንካሮቹን አንድ በአንድ ነካች። ጉድለት አጣች ብዬ ቀና አልኩ።

«ውሃ አምጡ» አለች።

ሪሃና በማንቆርቆሪያ አፈሰሰች። ውሃው ወረደ፣ ቦዩን ይዞ ወደ ቀዳዳው... ወገብ አካባቢ ግን የቀረ አለ። ስኒ ማስቀመጫ የምታህል ኩሬ።

«ውሃ እዚህ ይተኛል» አለች ሀሰና።

ሞርሳው ለዓመታት የተጫነበት ቦታ ነው። በማስመሪያ ለክቼው ነበር። በውሃ አልለካሁትም። በሰዎቹ ሁሉ ፊት።

«ሬሳው ኩሬ ላይ እንዲተኛ ነው?» አለች።

«ሰማሁ።»

«ጎንሽን ረጥበሽ ተኝተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ፣ ሀሰና።»

መላጊያዬን ይዤ መጥቼ ነበር። ፀሐይ ላይ ቆሜ ላግኩ። ንዴቱ ጉልበት ሰጠኝ። ደግመው አፈሰሱ። ደግሜ ላግኩ። ሦስተኛው ላይ ውሃው ሳይቆም ወረደ።

«አሁን ተኚበት» አለችኝ።

«ምን?»

«ቁመትሽ የኔ ነው። ልክ መሆኑን ልይ።»

ተኛሁ። ምን ላድርግ? ሰማዩን አየሁ። የጎረቤት የአየር ማቀዝቀዣ ይንጠባጠባል። ኑሩ ፊቱን አዞረ። ሀሰና ከላዬ ተደግፋ ቆማ እንደ ጨርቅ ለካችኝ፤ «ይበቃል፤ ተነሺ» አለች። ስነሳ ወገቤ ተያዘ፤ እጇን ዘረጋችልኝ። ይቺ መቆም ያቃታት ሴት።

ከዚያ ብርድ ልብሱን አስፈታችኝ። ክሩን አላየችም።

«ገልብጪው።»

ዓይኑ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ብዙ ቆየች።

«ያቺ የከሚሴዋ» አለች። «ከፎቅ የወደቀችዋ። ያቺ ከየመን በእግሯ የመጣችው፣ ፀጉሯ ለመፍታት ያስቸገረኝ... ስማቸውን የማላውቃቸውም አሉ። ወረቀት የሌላት ስሟን ለማን ትናገራለች?»

ወደ እኔ ዞረች፤ የጊታሩን ባለቤት ነገር ከሰሚራ ሰምታለች።

«ይሄን ያሠራችሽ ልጅ አገር ቤት የት ነው የምትገባው?»

«ጎንደር።»

«ክርስቲያን ናት?»

«ናት።»

መዳፏን አላነሳችም። «እነዚህ ልጆች አንዳቸውም አልገቡም» አለች። «ይሄ ይግባ።»

ላመሰግናት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ግን ዋቅፍ ነው። አይሸጥም። ቀብድ በልተሽ እንደሆነ መልሺ።»

«የኔ ልፋትስ?»

«ልፋትሽን አላህን ጠይቂው። እኔ ነኝ ወይ ሥሪ ያልኩሽ?»

«ድምፁን ልትሰሚው ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም። አሁንም የሸይጧን ሳጥን ነው። ጠቅልይው።»

መንገዱን ሙሉ ተናድጄ ተመለስኩ። በየትኛው ነገር እንደሆነ ግን ለይቼ አላወቅኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ዮሐና መጣች። ሳልነግራት አትወስደውም ብዬ ወስኜ ስለነበር ገና ሳትቀመጥ ነገርኳት። ሁሉንም። እጇን ከጊታሩ አነሳች። ቀለሟ ተለወጠ። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

«ሴቶች ብቻ ናቸው?» አለች።

«ሴቶች ብቻ።»

«የኛ አገር?»

«የኛ አገር። እንዳንቺ ሰው ቤት የሚሠሩ።»

አማተበች። ከዚያ ገልብጣ ጥቁሩን ዓይን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ሀሰና እንዳደረገችው። ማንም አላሳያትም።

«እወስደዋለሁ» አለች።

ቀብዷን ጠረጴዛ... ወለሉ ላይ አስቀመጥኩላት። ጠረጴዛ የለም፤ እጄ አሁንም ይስታል። አልቀበልም አለች፣ ተጨቃጨቅን፣ ተቀበለች።

«አይሸጥም» አልኳት። «ቢርብሽም።»

«ለልጄ ስሰጥም እንደዚህ ነው የምለው።»

«የቱ ልጅሽ?»

«የምወልዳት፣ እማማ። አገሬ የምገባው ለምን መሰለዎት?»

ጥቂት ተጫወተች። ቀስ ብላ፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ። ሁለት ቦታ ሳተች። ነገርኳት። ሰኞ ትበራለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ሀሰና ትናንት ከአሱር ሶላት በኋላ ሞተች።

ሪሃና ደውላ «ነይ» አለችኝ። «ውሃውን መሪማ ታፍስስ ብላለች። እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ ኮላው እስኪለቅ፣ ብላለች።»

እስከ መጨረሻው። እስከ መጨረሻው አልተወችኝም። እኔም የምላት ብዙ ነበረኝ። የመንገዱን ግማሽ ስመልስላት ሄድኩ፤ ኑሩ ለማን እንደማወራ አልጠየቀኝም።

እጄን ታጠብኩ። በሳሙና ፈትጌ፣ እስከ ክርኔ። ጥፍሬ ሥር ያለው ግን አልለቀቀም፤ እሱ ከእኔ ጋር ነው የሚለቀው።

ኪራይ ቤቱ ውስጥ ለማጠቢያ ያዘጋጇት ክፍል በር ክፍት ነበር። ማንም ቆሞበት አላገኘሁም።

ሪሃና አጠበች፤ እኔ አፈሰስኩ። ቀኝ ጎኗን አስቀደምን። ከዚያ ግራውን። አንገቷ ሥር እጄን ስሰድ እንደ ወፍ ቀላል ሆና አገኘኋት። የመጨረሻው ውሃ ላይ ካፉሩ ገባ፤ ሽታው ከእንጨቱ ጋር ሲገናኝ አወቅኩት። አዲስ ሳንቃ ነው፤ ገና አልያዘውም። ይይዘዋል።

ዛሬ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ኑሩ በር ላይ የሆነ ነገር ጥሎ ሄዷል፤ «ያንኳኩት፣ ምናልባት እንጨት ነው» ብሎ። ገና አልወጣሁም።

ውሃው የትም አልቆመም። ከራሷ በታች ተነስቶ፣ ወገቧን አልፎ፣ በቦዩ ወርዶ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጠብታ አልቀረም።

እሷ ብታየው አንድ እንከን ታወጣለት ነበር።